አርባ አንድ ደጃፍ

ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሀል፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለ። ዘበኛው ተከስተ ይባላል። ሰው መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ሌላ ዘበኛ ሰሌዳ ያያል፤ ተከስተ የሚያየው እግር ነው። ጫማው ጠብቦት እንደሆነ፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰምጦ እንደሆነ ያያል። ወጣቶቹ "ጋሼ፣ ጫማዬን ወደዱት እንዴ?" እያሉ ይቀልዱበታል። የወረደው ሽማግሌ ከሆነ ግን ጠጋ ብሎ "እግርዎን ያብጥዎታል?" ይላል። አንዳንዱ ይቆጣዋል። አንዳንዱ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎት ያልፋል። የሚቆጣው አያስጨንቀውም። ይመስገን ብሎ ያለፈውን ግን ተመልሶ እስኪመጣ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህ ሰው ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ካዛንቺስ፣ ከጣልያን ቤቶቹ ጀርባ ባለው መንደር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ባረፈ ቁጥር በየመንገዱ እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይለፍፋል። ሥራው ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለው። ሰው ካልሞተ ጥሩምባ አይነፋም። ለሙከራ አይነፋም፣ ለጨዋታም አይነፋም። ያለ ሞት የተነፋ ጥሩምባ ሞት ይጠራል ይባላል። ተከስተ ይህን ሕግ አንድ ቀን ጥሷል። ጥሩምባው ዛሬ በሌላ ሰው እጅ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

ጥሩምባ ነፊ መሆን ቀልድ አያጣውም። ስኳር ሊበደር በር ቢያንኳኳ "ደሞ ማን ሞተ?" ይሉታል። ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽራው ይደነግጣል እያሉ ያሙታል። እሱም አይቀየምም ነበር። ይልቅ ሰውን ሁሉ ከነጓዳው ያውቀዋል። ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ደም ግፊት እንዳለበት፣ ማን ክኒኑን ትቶ ጸበል እንደጀመረ፣ ማን ደግሞ ጸበሉንም ትቶ ነጭ ሽንኩርት እንደሚውጥ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ እሱን መጠየቅ ይቀላል።

በ1999 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የጥናት ቢሮ ተከፈተ። ጥናቱ ለደም ግፊት የወጣ አንድ አዲስ ክኒን ከቆየው ክኒን ይሻል እንደሆነ ለማየት ነው። ግማሹ ሰው አዲሱን ይወስዳል፣ ግማሹ የቆየውን፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ግን ወሳጁም አያውቅ፣ ክኒኑን የምታድለው ነርስም አታውቅ። ችግሩ ሰው አለማግኘታቸው ነበር። ወረቀት ይዘው በየበሩ የሄዱት ወጣቶች ግማሹን ውሻ አባረራቸው፣ ግማሹን ደግሞ ሰው። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር "እናንተ ሰዎች፣ ጥሩምባ ነፊውን ያዙ፤ እሱ የማይገባበት ቤት የለም" አላቸው።

ተከስተን ሦስት ቀን አሠለጠኑት። ያሠለጠኑት ሲስተር እጸገነት የምትባል ወጣት ነርስና የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሳላሀዲን ነበሩ። ዶክተሩ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። "ጋሽ ተከስተ፣ ዋናው ነገር ፈቃደኝነት ነው። የገባ ሰው ምንም ምክንያት ሳይሰጥ በፈለገው ቀን መውጣት ይችላል። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ይንገሩልን" አለው።

"ይቅርታ ዶክተር፣ ማለቴ… ገብቶ መውጣት እኛ ሰፈር የለም" አለ ተከስተ። "እኛ ዘንድ ከዕድር የሚወጣ ሰው የሞተ ሰው ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዶክተሩም ሳቀ። ተከስተም ጥሩ ቀልድ የቀለደ መስሎት ደስ አለው። ቀልድ እንዳልነበረ የገባቸው ሁሉም ዘግይተው ነው።

እጸገነት ደግሞ አንድ ወረቀት ሰጠችው። በየሳምንቱ ሐሙስ በየቤቱ እየዞረ የሚሞላው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ይላል፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት "አለ" እና "የለም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። "ጋሽ ተከስተ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?" አለችው። "ሰው የሚነግርዎትን ብቻ አይጻፉ። አይተውም ይጻፉ። እግራቸውን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ እብጠት አለ ማለት ነው።"

"እሺ ሲስተር። ዓይን የተፈጠረው ለዚያ አይደል?" አላት።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋሽ ገብረጻድቃን ቤት ነው። ጋሽ ገብረጻድቃን የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ከእንትጮ በልጅነታቸው መጥተው፣ አርባ ዓመት የመሥሪያ ቤቶችን የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጫማቸውን ሳይወለውሉ ከቤት የማይወጡ ሰው። ተከስተን ሃያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ ፈትቶ ሲንከራተት አግኝተው ጥሩምባውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ጽገረዳም አለባቸው። ተከስተ እሳቸውን ያስቀደመው ስለሚወዳቸው ብቻ አልነበረም። ዳኛው ከፈረሙ ሰፈሩ እንደሚፈርም ያውቃል። ይህን ኋላ ላይ ለራሱ ደጋግሞ ነግሮታል።

ጋሽ ገብረጻድቃን አራት ገጹን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ሦስት የፊደል ስሕተት አግኝተው በእርሳስ አረሙ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱለት።

"ተከስተ፣ እኔ ለሐኪም ነገር ብዙም አይደለሁ። ያለኝ ክኒን ይበቃኛል።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ካልገቡ ማን ይገባል? እምቢ አሉ ከተባለ እኔን በር የሚከፍትልኝ የለም፤ በቃ አለቀልኝ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን መልሰው ከእጁ ወሰዱ። እትዬ ጽገረዳ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። "እንግዲህ" አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን እስክሪብቶውን እያነሱ፣ "ለመድኃኒቱ ብዬ አይደለም የምፈርመው። አንተ በሰው ፊት እንዳታፍር ነው።" ፈረሙ። እትዬ ጽገረዳም "እሳቸው ከፈረሙ እኔ ምን ቀረኝ" ብለው ከሥር ፈረሙ። ዳኛው ፈረሙ የተባለ ዕለት ወሬው መንደሩን ዞረ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአርባ አንድ ቤት አርባ ሁለት ሰው ገባ። ቢሮው ተከስተን አመሰገነው። ዶክተር ሳላሀዲን እጁን ጨብጦ "እርስዎ ባይኖሩ ምን እናደርግ ነበር?" አለው። ተከስተ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ በሕይወት ላለ ሰው የሚጠቅም ሥራ መሥራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ሐሙስ አርባ አንድ ደጃፍ ይዞራል።

"እንዴት ሰነበቱ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ራስዎን ያምዎታል?"

"ምንም፣ ይመስገን።"

"እግርዎን ያብጥዎታል?"

"አይ፣ ተመስገን ነው።"

ክርስቲያኑ ይመስገን ይላል፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ተከስተ "የለም" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ወይዘሮ ቡዜ አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፈው በር ከፈቱለትና "ደህና ነኝ" አሉት፤ የለም ብሎ ጻፈ። እንግዲህ እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ይመስገን ውሸት አይደለም። ቤት የተቃጠለበት ሰው ይመስገን ይላል፤ ልጁን የቀበረም ይላል። መጀመሪያ ምስጋና ይቀድማል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ውኃ ተጠጥቶ፣ የልጅ ወሬ ተወርቶ፣ ሊሄዱ ሲነሱ "አይ፣ ትንሽ ይቺ ደረቴ እንኳ…" ይባላል። ተከስተ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ግን አርባ አንድ ቤት በአንድ ቀን የሚዞር ሰው ቁጭ አይልም። ምስጋናውን ይሰበስብና ይሄዳል።

በሁለተኛው ወር የመጨረሻ ሳምንት ወደ ጋሽ ገብረጻድቃን ቤት ሲገባ እሳቸው ነጠላ ጫማ አድርገው ተቀምጠው አገኛቸው። ሲሚንቶው ላይ እግራቸውን እየጎተቱ ሊቀበሉት ተነሡ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርገው አይቷቸው አያውቅም። ቁርጭምጭሚታቸው ጠፍቷል። እግራቸው ከባት እስከ ጣት አንድ ወጥ ሆኖ የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

"ጋሼ፣ እግርዎ…"

"ዕድሜ ነው ተከስተ። ዕድሜ እግር ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ደህና ነኝ፣ ይመስገን።" ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ወረቀትህን ሙላና ሂድ፤ ሌላ ቤት አለብህ።"

ተከስተ እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። "አለ" ብሎ ቢጽፍ የዳኛውን ቃል በፊታቸው ማጠፍ ሆነበት። ሽማግሌ ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው፤ ዕድር ላይ እንዲህ ነው የኖሩት፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ነው ያደገው። "የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ለአንድ ሳምንት ነው፣ በወሩ መጨረሻ ቢሮ ሲቀርቡ ሐኪሙ ራሱ ያየዋል አለ በልቡ።

በወሩ መጨረሻ ጋሽ ገብረጻድቃን አልቀረቡም። ለቅሶ ቤት አለብኝ፣ ክኒኑን ላኩልኝ ብለው በተከስተ በኩል ላኩ። እጸገነት "አይተዋቸዋል?" ብላ ጠየቀችው። "አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው" አላት። ክኒኑን በገዛ እጁ ወስዶ ሰጣቸው። እሳቸውም "ይመስገን" አሉት።

በዘጠነኛው ቀን ሞቱ።

ተከስተ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። አፉ ላይ አድርጎ ነፋ፤ ድምፁ እንደወትሮው ወጣ። ስማቸውን ሲጠራ ግን "አቶ ገብረ…" ብሎ ቆመ። ሰዎች በየበሩ ወጥተው ቀሪውን ይጠብቁ ነበር። እንደገና ጀምሮ ጨረሰው። ቀብሩ በስድስት ሰዓት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ተከስተ ወንበር ተሸክሞ ቆመ፤ የማንንም ዓይን አላየም።

ቢሮው ወዲያው መረመረ። በጥናት ላይ ያለ ሰው ሲሞት የግድ ይመረመራል። ዶክተር ሳላሀዲን የአሥራ አንድ ሳምንት ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ጠየቀው። "ጋሽ ተከስተ፣ ሐኪሙ ልባቸው ደክሞ እንደነበር ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ድካም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ እግር ላይ ይታያል። እርስዎ በየሳምንቱ የለም ነው ያሉት። ምንም አላዩም?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተከስተ ወረቀቱን አየ፤ የገዛ እጁ ምልክት ነው። "ምንም አላየሁም" አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ተከስተ ሰላም አላገኘም። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የሰው እግር ይቆጥራል። መስቀል ፍላወር ሄዶ ሲመለስ ሙሉ መንገዱን እግር ሲያይ መጥቶ ማን ሰላም እንዳለው አያስታውስም። ቤቱ ተቀምጦ በጠራራ ፀሐይ ከውጭ፣ ከመተላለፊያው፣ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ይሰማል። ይወጣል፤ ማንም የለም። እንደገና ይቀመጣል፤ እንደገና ይጎተታል። ሰንበት ቂርቆስ ሄዶ ሲያስቀድስ በቤተ መቅደሱ በር ላይ የተደረደረውን የምእመናን ጫማ አየ። ከመሀል አንድ ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ባለ ክር ጫማ ነበር። የሌላ ሰው መሆኑን ያውቃል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጎ እስኪሄድ፣ የዚያም ጫማ ባለቤት መጥቶ እግሩን እስኪከት ድረስ ቆሞ ጠበቀ። የመጣው ሌላ ሰው ነበር። ተከስተ በዚያ መሀል ጸሎት ማድረጉን እንኳ አያስታውስም።

ፈራ። የፈራው የሞቱትን ብቻ አልነበረም። ለቀሩት አርባ አንድ ጭምር ነበር። አርባ አንድ ሰው ያው ጥናት ውስጥ ነው፤ ማን ምን እንደሚውጥ አይታወቅም፤ በአርባ አንዱም ወረቀት ላይ የለም፣ የለም፣ የለም ብሎ የጻፈው እሱ ነው። አንዱን የዋሸ እጅ ሌላውን መዋሸቱን ማን ያውቃል?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ነበር፣ ወደ እትዬ ጽገረዳ ቤት ሄደ። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸው እስከ መሬት ወርዶ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም የጥናቱ ሰው ናቸውና ወረቀቱን አወጣ።

"እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ባላቸውን በቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ተከስተ እስክሪብቶው "የለም" ላይ እንዳረፈ አየው፤ እጁ ሳይጠይቀው ሄዷል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እትዬ፣ የጋሼን እግር አይቼው ነበር። አብጦ ነበር። አይቼ የለም ብዬ ጻፍኩ።"

ሴትዮዋ ነጠላቸውን እግራቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ "አውቃለሁ" አሉ። "ያን ቀን አንተ ከሄድክ በኋላ፣ 'እንዲያው ለተከስተ ብትነግረው ምናለ፣ ትንፋሽህ እኮ እየቆመ ነው' አልኩት። 'ተይ ጽገረዳ' አለኝ። 'እኔ አሞኛል ካልኩ ያመጣኸው ሰው ታመመ ብለው እነዚያ ሰዎች ልጁን ያባርሩታል። በስንት መከራ ያገኘውን ሥራ በእኔ ምክንያት አይጣ።' ለዚያ ነው ሐኪሙ ጋ ያልቀረበው። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም።"

ተከስተ መሬቱን ያይ ነበር። እንዲያ እንዳልሆነ፣ አሞኛል ቢሉ ቢሮው ይበልጥ እንደሚያመሰግነው፣ ሥራው ራሱ ያ እንደሆነ ሊነግራቸው ፈለገ። ለማን ይነግረዋል? ለነገሩ ማንም ለጋሽ ገብረጻድቃን አልነገራቸውም። እሱም አልነገራቸውም። "እምቢ ካሉ አለቀልኝ" ያላቸው እሱ ነው።

"ሌላውስ ሰው?" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላውም እንዲህ ነው የሚያስበው?"

"ሰፈሩ ሁሉ ተከስተ እንዳይጎዳ ነው የሚለው" አሉ እትዬ ጽገረዳ። "ምን ይበል? ወደውሃል እኮ።"

ከዚያ ወጥቶ ቀጥታ ቢሮ ሄደ። እጸገነት ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። እጸገነት አልጮኸችበትም፤ ተነሥታ ዶክተሩን ጠራች። ዶክተር ሳላሀዲን "ክኒኑ ዛሬውኑ ይቁም። አርባ አንዱም ሰው ዛሬ መታየት አለበት፤ አንድም ሰው ለነገ አይደር" አለ። ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ነርሶቹ በየቤቱ ሄዱ። ተከስተም ሄደ።

የመጣ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ምን ነካችሁ፣ ደህና ነን፣ ይመስገን አሉ። ወይዘሮ ቡዜ ለነርሷ ሻይ ሊያፈሉላት ተነሡ። መርጋ የሚባለው ጫማ ሰፊ ነርሷን በጥርጣሬ አይቶ "ተከስተን ልታባርሩት ነው አይደል? እኔ በእሱ ላይ አልመሰክርም" አላት። ተከስተ ራሱ ሄዶ "መርጋ፣ እግርህን አሳየኝ" ሲለው "አንተን ደግሞ ምን አስጨነቀህ? ደህና ነኝ አልኩህ" ብሎ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። በየበሩ እንዲሁ ሆነ። እየደበቁለት ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ የመጡት ሰዎች ሦስት ነበሩ።

ተከስተ ቤቱ ገባ። ጥሩምባው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰው ፊቱ ቆሞ ሲጠይቀው ይመስገን ይላል። ለጥሩምባ ይመስገን ብሎ የሚመልስ ማንም የለም። ጥሩምባውን አወረደና ወጣ።

መንገዱ መሀል፣ ሱቆቹ ክፍት፣ ወያላው እየጮኸ፣ ሦስት ጊዜ ነፋ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። በዚህ ሰዓት ማን ሞተ ብለው ወጡ፤ እጃቸውን ራሳቸው ላይ የጫኑም ነበሩ። ተከስተ ጥሩምባውን አውርዶ እንደ ወጉ ስም ጠራ።

"ዕድርተኞች፣ አቶ ገብረጻድቃን ደህና አልነበሩም" አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው የለመደው ያው ድምፅ ነው። "እግራቸው አብጦ ነበር። ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ደህና ነኝ አሉኝ፤ እኔም አይቼ፣ የለም ብዬ ጻፍኩ። እንዳልባረር ብለው ነው የደበቁት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሥራዬን ዛሬ ትቻለሁ፤ የምትደብቁለት ሰው የለም። ክኒኑን የምትውጡ ሁሉ አቁሙ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ኑ።"

ሁለተኛው መንደር ሄዶ ይህንኑ ለፈፈ። ሦስተኛውም ሄደ። ከኋላው አንዲት ሴት "ሟርተኛ" ስትል ሰማ። አንድ የዕድሩ ሽማግሌ መንገድ ዘግተው "ተከስተ፣ አብደሃል እንዴ? ሞት ልትጠራብን ነው?" አሉት። "ሞቱ መጥቷል ጋሼ" አላቸውና አልፎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ዕድሩ ተሰብስቦ ጥሩምባውን ወሰደበት፤ ያንን ያውቀው ነበር።

ቢሮው ሲደርስ የወንበሩ ተራ ሞልቶ ሰው ከውጭ ቆሟል። ኋላ ላይ ሐኪሞቹ ሲቆጥሩ የአሥራ አንድ ሰው እግር አብጦ ተገኘ፤ አራቱ ያን ቀን ሆስፒታል ገቡ። ከክኒኑ ይሁን ከዕድሜያቸው፣ ለጋሽ ገብረጻድቃንም የትኛው ክኒን እንደደረሳቸው፣ ለተከስተ የነገረው ሰው የለም። እሱም የመጠየቅ አቅም አላገኘም።

መጀመሪያው ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ጽገረዳ ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። እጸገነት ጎንበስ ብላ "እማማ፣ እንዴት ነዎት?" አለቻቸው።

"ደህና ነኝ፣ እግ…" ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። በሩ ላይ የቆመውን ተከስተን አዩት። ለስልሳ ሁለት ዓመት ያላሉትን ቃል ሊሉ ነው። "ደህና አይደለሁም" አሉ። "ባሌ ሳይሞት በፊት ጀምሮ ደህና አይደለሁም።"

ነጠላቸውን ሰብስበው እግራቸውን ዘረጉ። ተከስተ መጥቶ ከፊታቸው ተንበረከከ፣ ጫማቸውን አወለቀላቸው። እጸገነት እንዳሠለጠነችው በአውራ ጣቱ ቁርጭምጭሚታቸውን ጫን አድርጎ ለቀቀ። የጣቱ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ ሳይሞላ እያየው ብዙ ቆየ።